ፈረስ በበረዶ ወራት ውጭ ማደር ይችላል ወይ? ስለ መኖው፣ ስለ ውሃውና ስለ ልብሱ

ዳማ_ባዝራ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ፈረስ የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። በረዶ አራትና አምስት ወር መሬት ላይ በሚቆይበት፣ ሌሊት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ በሚደርስበት ቦታ ሁለት ፈረሶችን ውጭ ማሳደር ይቻላል? እያንዳንዳቸው 500 ኪሎ ገደማ ናቸው። በሦስት ወገን የተዘጋ መጠለያ አላቸው፤ ሙሉ ጋጣ ግን የለም። አንዱ «ካላለበስሻቸው ይሞታሉ» ይላል፤ ሌላው «ፈረስ በረዶ እየላሰ ይኖራል፣ ውሃም አያስፈልገው» ይላል። ማንን ልስማ? ደግሞ አጋዘኑ፣ ቀበሮው፣ የሜዳ አይጡ ማንም ሳያለብሳቸው ብርዱን እንዴት ነው የሚያልፉት?

የጋማ_ጠጉር
እህቴ፣ ውጭ ማደር ይችላሉ። ደረቅ ብርድ ብቻውን ጤነኛ ፈረስ አይገድልም። የሚገድለው ረሃብ፣ ጥማት እና ከነፋስ ጋር የመጣ እርጥበት ነው።

ፈረስ ሰውነቱን ለማሞቅ ተጨማሪ ኃይል ማቃጠል የሚጀምርበት የብርድ ደረጃ አለው። የብርድ ወራት ጠጉሩን ሙሉ በሙሉ ላበቀለ፣ ሥጋ ለያዘ፣ ደረቅ ለሆነና ከነፋስ ለተከለለ ፈረስ ያ ደረጃ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጠጉሩ አጭር ከሆነ ግን ገና ከዜሮ በላይ 5 ዲግሪ ላይ ሳለ ይጀምረዋል። የራሰ ፈረስም ጠጉሩ ስለሚተኛ የዚያኑ ያህል ይጋለጣል። ስለዚህ ዜሮ አካባቢ ሆኖ ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ በነፋስ የሚወርድበት ሌሊት፣ ጸጥ ካለው ደረቅ የ15 ዲግሪ ብርድ ይልቅ ሊያሳስብሽ ይገባል።

ጠጉሩ የሚያድገው በዋናነት ብርዱን አይቶ ሳይሆን የቀኑን ማጠር ተከትሎ ነው። ቀኑ ማጠር እንደጀመረ፣ አየሩ ገና ሞቃት ሳለ፣ የፈረሱ አካል ጠጉር ማብቀል ይጀምራል። በብርዱ መካከል ከሞቃት ቦታ የመጣ ወይም ማታ ማታ መብራት ሲበራበት የቆየ ፈረስ ጠጉሩ አጭር ሆኖ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሲበርደው ጠጉሩን ያቆማል፤ በጠጉሮቹ መካከል የሚያዘው አየር ነው ሙቀቱን የሚያግደው። ጭቃ የያዘው ወይም የተጣበቀ ጠጉር አየር አይዝም። ስለዚህ በብርድ ወራት ፈረስ አይታጠብ፤ የደረቀውን ጭቃ ብቻ በቀስታ ማራገፍ ይበቃል። ጀርባው ላይ በረዶ ተከምሮ ሳይቀልጥ ብታዪ አትደንግጪ፤ ሙቀቱ ከውስጥ እየወጣ እንዳልሆነ ያሳያል።

አሁን ወደ መኖው። 500 ኪሎ ፈረስ በተለመደው ጊዜ በቀን የክብደቱን ከ1.5 እስከ 2 በመቶ፣ ማለትም ከ7.5 እስከ 10 ኪሎ ድርቆሽ ይበላል። ብርዱ ከዚያ ከ15ቱ ደረጃ በታች ሲወርድ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሚያስፈልገው ኃይል በ2.5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከዜሮ በታች 25 ማለት 10 ዲግሪ ልዩነት ነውና 25 በመቶ ጭማሪ ይሆናል፤ በድርቆሽ ሲሰላ በቀን ለአንዱ ፈረስ 2 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ነው። ነፋስ ካለ ከዚህም ይበልጣል። ድርቆሹን በግምት አትስጪ፤ በሚዛን ስቀሉት። አንዱ እስር ከሌላው በጣም ይለያያል።

ጭማሪው እህል ሳይሆን ድርቆሽ መሆን አለበት። የድርቆሽ ቃጫ በዕውር አንጀትና በትልቁ አንጀት ውስጥ በረቂቅ ተሕዋስያን ሲብላላ ለሰዓታት ሙቀት ይለቃል። እህል ከዚያ ያነሰ ሙቀት ነው የሚሰጠው። በዛ ሲል ደግሞ ስታርቹ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና የሆድ ቁርጠትና የሰኮና ውስጥ ብግነት ያመጣል። «ብርድ ነው» ብሎ በአንድ ሌሊት አጃ ወይም ገብስ መደረብ ብዙ ፈረስ የታመመበት ስህተት ነው። ትልቁን ድርሻ ማታ ስጪ፤ ብርዱ እንደሚጠና ከተነገረም ከዋዜማው ጀምሪ። የድርቆሹ ዓይነት የሚቀየር ከሆነ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀስ በቀስ ይቀላቀል።

አንድ ነገር በተለይ አደራ እላለሁ። ረጅም ጠጉር ክሳትን ይደብቃል። በዓይን ወፍራም የሚመስል ፈረስ ከጠጉሩ ሥር አጥንት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ጓንትሽን አውልቀሽ ጎድኑን፣ የጀርባ አጥንቱን፣ የጭራውን ሥር በእጅሽ ዳብሺ። ጎድኑ ሳይታይ ነገር ግን ጫን ሳትዪ በጣት ሊቆጠር ይገባል፤ ከ1 እስከ 9 ባለው የሥጋ መለኪያ 5 ወይም 6 ማለት ነው። በብርዱ መካከል የከሳን ፈረስ መልሶ ማወፈር እጅግ ይከብዳል፤ የሚበላው ሁሉ ለሙቀት ይሄዳልና። ጥርሱም በረዶው ሳይገባ ይታይ። ድርቆሽ አላምጦ መዋጥ ያልቻለ ሽማግሌ ፈረስ የፈለገውን ያህል ቢቀርብለት አይጠቅመውም፤ ለእሱ የተጨመቀ የሣር መኖ በሙቅ ውሃ ርሶ ይሰጠው።

ምንጭ_ውሃ
ስለ መኖው የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ «በረዶ እየላሰ ይኖራል» የሚለውን ልያዝ፤ በዚህ ወራት ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ነውና።

ለምለም ሣር እስከ 80 በመቶ ውሃ ነው። ድርቆሽ ግን ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ድርቆሽ የሚበላ ፈረስ በብርዱም ቢሆን ጥማቱ አይቀንስም፤ 500 ኪሎው ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ይፈልጋል። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ ሲቀልጥ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ብቻ ነው ውሃ የሚሆነው። 25 ሊትር ውሃ ለማግኘት 250 ሊትር በረዶ መዋጥ አለበት ማለት ነው። ጠንቅቆ ላሰላው ሰው የኃይሉም ወጪ ቀላል አይደለም፤ አንድ ኪሎ በረዶ አቅልጦ እስከ 38 ዲግሪ ለማሞቅ 490 ኪሎጁል ያህል ይወስዳል። ለ25 ኪሎው ሲደመር ፈረሱ በቀን ከሚያስፈልገው ኃይል ከ17 በመቶ ያላነሰ ነው፤ በድርቆሽ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል። በረዶ ላይ የሚግጡ፣ ከእናታቸው ሥር ሆነው የለመዱ የሜዳ ፈረሶች በዚህ መንገድ ይኖራሉ፤ እሱን አልክድም። ከገንዳ እየጠጣ ያደገና ድርቆሽ የሚበላ ፈረስ ግን በቂ በረዶ አይልስም፤ የሚልሰው ትንሽ ነው፣ ከዚያም ይደርቃል።

ሲደርቅ የሚሆነው ይህ ነው፦ ቃጫው በትልቁ አንጀት መታጠፊያ ላይ እየጠጠረ ይከማቻል፤ አንጀቱ ይደፈናል። መጀመሪያ የምታዪው ፋንድያው ነው። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥል የነበረው ይቀንሳል፤ እንክብሎቹ ትንንሽ፣ ደረቅ፣ አንዳንዴም ልጋግ የለበሱ ይሆናሉ። ቀጥሎ መኖ ይተዋል፣ ወደ ጎኑ ዞሮ ያያል፣ መሬቱን በፊት እግሩ ይጭራል። እዚህ ደረጃ ላይ ድርቆሹን አንስተሽ ሐኪም ጥሪ፤ በቤት ዘይት በግድ ማጠጣት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ውሃው ከ7 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። በተደረገ ጥናት፣ በብርድ ጊዜ ሙቅ ውሃ ብቻ የቀረበላቸው ድንክ ፈረሶች፣ ለመርጋት የደረሰ ውሃ ከቀረበላቸው 40 በመቶ ያህል አብልጠው ጠጥተዋል። ሁለቱም ጎን ለጎን ሲቀርብላቸው ግን ቀዝቃዛውን መርጠው ትንሽ ነው የጠጡት። ስለዚህ ሙቅ ስታቀርቢ ሙቁን ብቻ አቅርቢ። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፤ ፈረስ ድርቆሽ በበላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው ደህና አድርጎ የሚጠጣው።

ማሞቂያ ከሌለ፣ ባልዲውን በሰፊ በርሜል ውስጥ አስቀምጠሽ በመካከላቸው ገለባ ጠቅጥቂ። ትልቅ ገንዳ ከትንሽ ባልዲ ዘግይቶ ይረጋል። በረዶውን በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ስበሪ፤ ስብርባሪውንም ከውስጡ አውጪው፤ ካልወጣ መልሶ ይያያዛል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለ የመሬት ሽቦው በትክክል መታሰሩን በመለኪያ መሣሪያ አረጋግጪ። ፈረስ ቀርቦ አፍንጫውን ሊያስነካ ሲል ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ ውሃው ውስጥ የሾለከ ኤሌክትሪክ ሊኖር ይችላል። ሰው ጫማ አድርጎ ስለሚቆም ላይሰማው ይችላል፤ እርጥብ መሬት ላይ የብረት ጫማ አድርጎ የቆመው ፈረስ ግን ይሰማዋል። ጨውም አትርሺ፤ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም የተፈጨ ጨው መኖው ላይ ነስንሺ። የጨው ድንጋይ በብርድ ብዙ አይልሱትም።

ዳማ_ባዝራ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። የውሃውን ጉዳይ እንዲህ አላሰብኩትም ነበር። ልብሱስ? እግራቸው ላይ የሚጋገረው በረዶስ? ሁለቱም የብረት ጫማ አድርገዋል።

ሰኮና_ጠባቂ
ከልብሱ ልጀምር። ጠጉሩን ያልተላጨ፣ ሥጋ ያለው፣ መጠለያ ያለው ፈረስ ልብስ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጠጉሩ ለተላጨ፣ ለሸመገለ፣ ለከሳ፣ ለታመመ፣ ወይም ከሞቃት ቦታ በቅርቡ ለመጣ ነው። ስስና ሙሌት የሌለው ልብስ ከምንም ይከፋል፤ የቆመውን ጠጉር ደፍጥጦ አየሩን ያስወጣል፣ በምትኩ የሚሰጠው ሙቀት የለም። የምታለብሺ ከሆነ መካከለኛው 200 ግራም፣ ከባዱ 300 ግራምና ከዚያ በላይ ሙሌት ያለው ሆኖ ውሃ የማያስገባ ግን ላብ የሚያስወጣ ይሁን። በእርጥብ ፈረስ ላይ ልብስ አይደረብም፤ እርጥበቱ ታፍኖ ቆዳው ይቆስላል። በየቀኑ እጅሽን ከትከሻው ሥር አስገቢ፤ ላብ ካለ ልብሱ በዝቷል። በየቀኑ አውልቀሽም ማጅራቱንና ደረቱን እዪ፤ መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ነው።

መጠለያው ለሁለት ፈረስ ከ20 እስከ 25 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ አፉም ነፋሱ ከሚበዛበት አቅጣጫ በተቃራኒው ቢሆን ይበቃል። አፉ ጠባብ ከሆነ ግን ኃይለኛው በር ላይ ቆሞ ሌላውን ውጭ ያሳድረዋል። በረዶው ላይ የፈረሶቹን ዱካ እያየሽ ሁለቱም መግባታቸውን ማረጋገጥ ትችያለሽ። አራተኛውን ወገን በላስቲክ ማሸግ አልመክርም፤ የሽንቱ አሞኒያና የድርቆሹ አቧራ ታፍኖ ሳንባቸውን ይጎዳል።

እግሩ ላይ ስለሚጋገረው፦ ብረቱ ሲሞቅ በረዶውን ያቀልጠዋል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያጠነክረዋል። በዚህ ዓይነት ከእግሩ ሥር ድቡልቡል በረዶ ይሠራል፣ ፈረሱ ተረከዝ ባለው ጫማ እንደቆመ ሰው ይሆናል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይጠማዘዛል፣ ጅማቱ ይጎዳል። ሰኮናቸው ጠንካራ ከሆነና በብርዱ ወራት ከባድ ሥራ ከሌላቸው በረዶው ከመግባቱ በፊት ብረቱን አስነቅዪ። ባዶ ሰኮና በረዶውን በራሱ ይጥላል፣ መሬትም ይቆነጥጣል። ብረቱ የግድ ከሆነ በረዶ የሚገፋ የጎማ ንጣፍ በብረቱና በሰኮናው መካከል ይግባ። ቅባት መቀባት የሚያገለግለው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በብርድ ሰኮና ዘገም ብሎ ቢያድግም በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መስተካከሉ አይቅር።

ግግር በረዶ ላይ አሸዋ ነስንሺ። ገለባ አትነስንሺ፤ ራሱ ይንሸራተታል። ፈረስ በግግር ላይ እግሩ ሲከፈት የዳሌ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል፤ ለእኔ ከብርዱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። በተለይ ከውሃው ገንዳ ዙሪያ የሚፈሰው ውሃ የሚረጋበትን ቦታ በየቀኑ እዪው። ልጓምም ብታገቢ ብረቱን በእጅሽ ሳታሞቂ አፉ ውስጥ አትክተቺ።

የበረዶ_ዱካ
የዱር እንስሳቱን ጥያቄ ልመልስ። ብዙ ሰው በረዶ የእንስሳ ጠላት ይመስለዋል። ለትንንሾቹ ግን ቤታቸው ነው። በረዶው 20 ሴንቲሜትር ያህል ከደረሰ፣ ላይ ከዜሮ በታች 30 ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው የመሬት ገጽ ዜሮ አካባቢ ይቆያል። የሜዳ አይጥ በዚያ ክፍተት መተላለፊያ ሠርቶ ሥርና ቅጠል እየበላ ይኖራል። የሚሞተው በረዶው ሲቀንስ ወይም በተሽከርካሪ ሲደፈጠጥ ነው። በዚያው ሥር የምትኖረው ሽሩ የምትባል እንደ አይጥ ያለች ትንሽ እንስሳ ደግሞ የምግብ ፍላጎቷን ለመቀነስ የራስ ቅሏን ሳይቀር ታሳንሳለች፤ ቅሉ እስከ 15 በመቶና ከዚያም በላይ ያንሳል፣ ሙቀቱ ሲመለስ ደግሞ ከፊሉ መልሶ ያድጋል።

ትልልቆቹ መንገዳቸው ሌላ ነው። ወደ እግር የሚወርደው ሙቅ ደም ወደ ልብ ከሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን ስለሚያልፍ ሙቀቱን እዚያው ያስረክበዋል፤ የዋልታ ቀበሮ መዳፍ በረዶ ላይ ውሎ የማይሞተው በዚህ ነው። ሬንዲር የሚባለው የሰሜን አጋዘን ጠጉሩ ውስጡ አየር የያዘ ነው። የእግሩ መዳፍ በብርድ ወራት ይሸበሸብና የሰኮናው ስለታም ጠርዝ ወጥቶ ግግሩን ይቆነጥጣል፤ በዚያው ሰኮና በረዶውን ቆፍሮ ከሥሩ ያለውን ሽበት (መሬትና ድንጋይ ላይ የሚበቅል ተክል መሰል ነገር፣ ላይከን) ያገኛል። ጥቁር ድብ ዋሻው ውስጥ የሰውነቱን ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ዝቅ አድርጎ ወራት ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ሳይሸና ይቆያል። የአርክቲክ የመሬት ሽኮኮ ግን እስከ 2.9 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ደሙ ሳይረጋ ያንቀላፋል። ሰውነቱ በእውነት የሚረጋውም አለ፤ የሰሜን አሜሪካ የዱር እንቁራሪት ከአካሉ ውሃ እስከ 65 በመቶ የሚሆነው በረዶ ሆኖ፣ ልቧ ቆሞ፣ ሴሎቿን በስኳር ጠብቃ ትከርምና ሲሞቅ ትነሳለች።

ዳማ_ባዝራ፣ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የዱር አጋዘን ወደ ድርቆሽሽ ቢመጣ አዝነሽ በቆሎ አትስጪው። በብርድ ወራት በጨጓራው ያሉት ተሕዋስያን የለመዱት ቅርንጫፍና ቅርፊት ነው። ድንገት የገባ በቆሎ ጨጓራውን አሲድ ያደርገዋል፤ አጋዘኑ ሆዱ ሙሉ ሆኖ በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል።

የሜዳ_መንጋ
ስለ ሜዳ ፈረሶች የተነሳውን ላስፋ። በሩሲያ፣ በያኩቲያ፣ ወደ 68 ዲግሪ የሚጠጋ ብርድ በተመዘገበበት አገር የያኩት ፈረሶች ሌትና ቀን ውጭ ናቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው ቅድመ አያቶቻቸው ከሕዝቡ ጋር ወደዚያ የገቡት በ13ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ነው፤ ከ800 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አጭር እግር፣ ድልድል አካል፣ እጅግ ረጅም ጠጉር ያላቸው ሆኑ። ብርዱ ሳይገባ ብዙ ስብ ያከማቻሉ፣ በረዶውንም በፊት እግራቸው ቆፍረው ሣር ይበላሉ። ይህ ግን ለሌላ ዝርያ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። «የያኩት ፈረስ ይችላል» ተብሎ ቀጭን ቆዳና ስስ ጠጉር ያለው ፈረስ ሜዳ ላይ አይጣልም።

እነዚያንም ቢሆን የሚጥላቸው አለ። በሞንጎሊያ «ዙድ» የሚሉት መከራ መልኩ ብዙ ነው። ነጩ ዙድ በረዶው ከመጠን በላይ ሲወፍር፣ የብረት ዙድ የቀለጠው በረዶ መልሶ ረግቶ ሣሩን ሲቆልፈው፣ ጥቁሩ ዙድ ደግሞ በረዶ ጨርሶ ሳይወርድ ቀርቶ ከብቱ የሚልሰው ሲያጣ ነው። በ2009 እና በ2010 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ዙድ ከ8 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አልቀዋል። ቀድሞ የነበረው የሙቀት ወራት ደረቅ ከሆነ እንስሳቱ ስብ ሳይዙ ስለሚገቡ ጉዳቱ ይብሳል። ፈረስ ከበግና ከላም የሚሻለው በሰኮናው ስለሚቆፍር ነው፤ ላም በአፍንጫዋ ትገፋለች እንጂ አትቆፍርም። እረኞች ፈረሱን አስቀድመው በጉን ከኋላ የሚያስከትሉት ስለዚህ ነው። ቅርፊቱ ግግር ከሆነ ግን ፈረሱም አይሰብረውም፤ ሲሞክርም እግሩን ይቆራርጠዋል። በሩሲያ ያማል ልሳነ ምድር በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በረዶ ላይ ዝናብ ዘንቦ ሲረጋ 61 ሺህ ያህል ሬንዲር በረሃብ ሞቷል።

ስለዚህ ዳማ_ባዝራ፣ በረዶ ላይ ዝናብ ከዘነበ ፈረሶቹ ሜዳ ላይ የቀረ ሣር ያገኛሉ ብለሽ አትቁጠሪ። ያን ዕለት ሙሉውን ቀለብ ከድርቆሽ ስጪ።

ዳማ_ባዝራ
በጣም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሌሊት አንዱን ሲንቀጠቀጥ ባገኘው መጀመሪያ ምን ላድርግ?

የጋማ_ጠጉር
ድርቆሽ ወዲያው ስጪው፤ ሁለት ኪሎ ያህል። እየበላ ሳለ ከነፋስ አስጠጊው። ርሶ ከሆነ በፎጣ ወይም በገለባ ጠጉሩን ወደ ላይ እየገፋሽ እሺው፤ ጠጉሩ ተነስቶ መድረቅ ሲጀምር ነው ልብስ የሚደረበው፣ ያውም ወፍራም። ለብ ያለ ውሃ አቅርቢለት። እያሸሽ ማንቀሳቀስ ካስፈለገ በእርምጃ ይሁን፤ አታስሩጪው፣ ያልበው ይሆናል። የጆሮውን ጫፍ ሳይሆን ሥሩን ዳስሺ፤ ሥሩ ከቀዘቀዘ ሰውነቱ በእርግጥ እየተሸነፈ ነው። የተለመደው የፊንጢጣ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ነው፤ ከ37 በታች ከወረደ፣ ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጡ ካልቆመ፣ ወይም ድርቆሹን አሽትቶ ከተወው፣ ሳይነጋ ለሐኪም ደውዪ።